የጌዶው ምግብ ቤት

ፍሮምሳ ልጄ፣
ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ። ውሃ ነገ ጠዋት ስለሚመጣ ጀሪካኖቹን ሙላ። የኔን ክፍል ቆልፌዋለሁ። አንተ ከሥራ ስትመለስ እኔ ከአምቦ ወጥቼ ጌዶ ገብቻለሁ።

በየቅዳሜው ምግብ ቤት እየዞርክ ቪዲዮ ስትቀርጽ ደስ ይለኝ ነበር። ያለፈውንም አየሁት።
ከፈረስ ጉግሱ ወጥተህ በቅቤ የራሰውን የጩምቦ ቂጣ የበላህበት ቤት የእህቴ የወለተማርያም ነው። "ጌዶ ከሄድክ እዚያ ቅመስ" ብዬ የላክሁህ እኔ ነኝ። ለዘመድ አዳላ እንዳይሉህ ብዬ እህቴ መሆኗን ደበቅሁህ። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።

ምግቡን ብትነቅፍ ምን ነበረበት። አንተ ግን ስልክህን ወደ እጇ አስጠግተህ፣ "ኧረ እዩልኝ! ሴትዮዋ ቅቤውን በእስክስታ ነው የምታቀርበው!" አልክ።
እጇ የሚንቀጠቀጠው ከታመመች ወዲህ ነው። አሁን ገበያተኛው ገና ከበሩ "እስቲ እስክስታ!" እያለ ይገባል። እሷም ከጓዳ አልወጣም ብላለች። ቤቱ እንዳይዘጋ ሳህኑን የማቀርበው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ቪዲዮውን ለሷም አሳይተዋታል። በስልክ ምን አለችኝ መሰለህ?
"የልጁ ሳቅ ሲያምር! ጠግቦ ይሆን የሄደው?"

ቤቴ ተከራይተህ ከኔ ጋር እንደምትኖር አልነገርኳትም። አፈርኩ።
ጌዶ ብትመጣ እንደማታውቀኝ ሁን።

አዮ አመለሸጋ