ወደ ጓሮ የሚከፈተው በር

ኮልፌ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለረሻድ
ዘነበወርቅ ሆስፒታል

የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኔና ልጆቹ ደህና ነን። ፋሪዳ ትምህርት ጀምራለች፤ ትንሹ ጥርሱን ነቅሎ ጣሪያ ላይ ወርውሯል። ለረመዳን ሊለቁህ እንደሚችሉ ሰምተን ደስ ብሎናል።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። ምናልባት ታውቀው ይሆናል።

ወንድምህ ጀላል ዝናቡ እንዳባራ ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ኋላ አንድ ክፍል መሥራት ጀመረ። ማድ ቤት ነው አለኝ። ማድ ቤት አልጋ የሚያህል መደብ ምን ያደርግለታል? ስጠይቀው ለኪራይ ነው አለ። የሚከራየውን ሰው ስም ስጠይቀው ውሃ ሊቀዳ ሄደ።

ደቦ አልጠራም። የከነከነኝ ይኸው ነው። በሰፈራችን ጭቃ ብቻውን የሚያቦካ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ጎረቤት ይጠራል፣ ይበላል፣ ይቀለዳል። እሱ ጭዱን ራሱ ተሸከመ፣ ራሱ ረገጠ፣ ራሱ መረገ። ሰው እንዳይጠይቀው ነው አልኩ።

ሥራው ያምራል፤ ያን አልክድም። መስኮቱን ከሻይ ሳጥን ጣውላ ሠራው። ከአሸንዳው ሥር ለብቻው በርሜል አቆመ። በጓሮው መሃል፣ ጎመኑ በነበረበት፣ ግራዋ በመስመር ተከለ። ሲያድግ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰው ከዚህ ወዲህ ያለ አያየውም። በሩ ደግሞ ወደ ጓሮ። ወደ እኛ ምንም።

እትዬ ብዙነሽ ከአጥራቸው ማዶ ሆነው፣ እንዲህ ለብቻው የሚወጣ ክፍል ወይ ለተከራይ ነው ወይ ለውሽማ አሉኝ። ሳቅሁ። ሳቄ ቶሎ አለቀ።

አንተ ስትመለስ ጀላል ግማሹ የእኔ ነው ሊል ነው ብዬ አሰብኩ። ጠበቅኩት። እሁድ እሁድ አንተን ጠይቆ ይመለሳል፤ ሰኞ አንድ ነገር ይቀይራል። ይህን ሳስተውል ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ስም አልሰጠሁትም።

ትናንት ጭቃ በእጁ እንዳለ ያዝኩት።

«ቤቱን ለሁለት ልትከፍለው ነው?» አልኩት።

«እኔ አይደለሁም፣ እትዬ። ረሻድ ነው ያዘዘኝ።»

አላመንኩትም። በአባታችሁ ማል አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«በሩ ወደ ጓሮ ይሁን አለኝ። ውሃውም ለብቻ። ልጆቹ እንዳይነኩኝ፣ ዘይነባም እንዳትሳቀቅ አለ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።»

ሥጋ ደዌ የሚለውን ቃል በዚህ ቤት ማንም አያነሳውም። ሐኪሙ ግን በሁለታችን ፊት ተናግሯል፤ መድኃኒቱን ጨርሷል፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከሚስቱ ጋር ይኑር ብሏል። ሰምተሃል። ታዲያ ያላመንከው ሐኪሙን ነው ወይስ እኔን? ጀላልን ስጠረጥር ከረምኩ። አንተ ደግሞ እዚያ ተኝተህ እኔን ስትጠረጥር።

ዛሬ ጀላል ወደ ሱቁ ሲሄድ መጥረቢያውን አነሳሁ። የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ መታሁት። አሮጌው ጭቃ በቀላሉ ይረግፋል፤ ያስቸገረኝ ማገሩ ነው። እጄ ተላጠ። ፋሪዳ ምን ሆንሽ ብላ አለቀሰች፤ ለአባትሽ በር እየከፈትኩ ነው አልኳት። በከፈትኩት ቀዳዳ ወደ አዲሱ ክፍል ወጣሁ።

ጀላል ሲመለስ ቆሞ አየው። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ጠማማ ነው» አለና መጋዙን አምጥቶ ዳሩን አስተካከለ። መቃን ላድርግለት ሲል አልፈለግኩም። መጋረጃም አልሰቅልበትም። ክፍሉን ከወደድከው ውሰደው፤ እኔም በዚያው እገባለሁ።

ጀላልን አትቆጣው። አላህ ዕድሜህን ያርዝምልን፣ በእግርህ ወደ ቤትህ ያግባህ፣ የልጆችህን ወግ ያሳይህ።

አንድ ነገር ብቻ። ባለፈው ሆስፒታል ልጠይቅህ ስመጣ የሻይ ብርጭቆውን ከእጅህ በሻሼ ጫፍ ይዤ የተቀበልኩህ ስለሚያቃጥል ነው። ሻዩ ይፋጅ ነበር። አንተም ታስታውሳለህ።

ሚስትህ ዘይነባ