የማሻገሪያው ጨረታና የአጎታችን የሰዓት መጽሐፍ

ለምወድሽ እህቴ ለሱርባላ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ከዚህ ሁሉ ዝናብ በኋላ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? አማትሽንስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ እናት ዱርጋ ትመስገንና ደህና ነኝ፤ ወንዙም ወደ ቦታው ተመልሶ ቢሮዬ ውስጥ የቀረው ጭቃው ብቻ ነው።

ደብዳቤሽ ግን ሆዴን አባባኝ። የባልሽ አጎት ሃሪቻራን፣ እኔ የወረዳ ሹሙ ወንድምሽ የጀልባ ማሻገሪያውን ፈቃድ ለሌላ ልሰጥ ብዬ የቀትሩን ደወል ከሰዓቱ አስቀድሜ አስደወልኩ ማለታቸውን ጽፈሻል። እህት የወንድሟን ግንባር ለምትቀባበት ለወንድሞች በዓል ከመጣሁም እሳቸው ቤቱን ጥለው ሊወጡ ነው። በእኔ ምክንያት በባልሽ ቤት አንገትሽን ከምትደፊ፣ የሆነውን እንዳለ ልንገርሽ።

ተጫራቾቹ እሳቸውና የማሻገሪያው ሟች ቀዛፊ ሚስት ሞይሞና ብቻ ነበሩ። ማስታወቂያው ዋጋ የተጻፈበት የታሸገ ወረቀት እስከ ቀትር ደወል ሳጥን ውስጥ ይግባ ይላል። ሞይሞና ማልዳ ከተተች። አጎታችን ከእሷም ቀድመው ደርሰው ነበር፤ ግን መልካሙንና ክፉውን ሰዓት ከኮከብ የሚያሰላው መጽሐፋቸው ሰዓቱ ክፉ ነው ስላለ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። ሊደወል ሲል ራሴ ወጥቼ፣ «አጎቴ፣ ያስገቡ እንጂ፣ ሊዘጋ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ክፉ ኮከብ የመንግሥት ደወል አይሰማም» አሉኝ።

ተደወለ፤ ሳጥኑ ተዘጋ። ክፉው ሰዓት ሲያልፍ ልብሳቸውን አስተካክለው በቀኝ እግራቸው ገቡ። ወረቀቱን ማሸጊያው ሳይነካ መለስኩላቸው፤ ስንት እንደሰጡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘመዴ ናቸው ብዬ ብቀበል ኖሮ ለሞይሞና ምን መልስ ይኖረኝ ነበር? ፈቃዱ የእሷ ሆነ።

አቤት ሲሉ እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዥ ሁለታችንንም አስጠራን። አጎታችን በዕለቱ እዚያ እንደነበሩ ለማስረዳት መጽሐፋቸውን ዘረጉ። ገዥው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ፣ በኅዳጉ የጻፉትን ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡለት፦ «ቀትር ካለፈ ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ በመልካም ሰዓት አስገባሁ።» አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉን አጠፉት። ገዥውም መዝገቡን ዘጋ። ደረጃውን ስንወርድ ክርኔን ይዘው፣ «ሰዓቱ ግን መልካም ነበር» አሉኝ። እኔም መልካም ነበር አልኳቸው።

ስለዚህ እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ እሳቸው ፊት እንዳታነቢው። ይልቅ ግንባሬን ለምትቀቢበት ቀን፣ ቤታችሁ የምገባበትን ሰዓት እሳቸው ይምረጡልኝ በያቸው። ቀድሜ ከደረስኩ የማመጣላችሁን ጣፋጭ ጭኔ ላይ አድርጌ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ፤ ግባ ካላሉኝ ንቅንቅ አልልም።

ለአማትሽ እግራቸውን ሳሚልኝ። ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ትንሿ ኮሞላ ጥርስ ማብቀሏን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለአጎታችን ደግሞ ከሁሉም አስቀድመሽ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ ኒባራን
ሹቦርናፑር፣ ምሥራቅ ቤንጋል
በካርቲክ ወር 5 ቀን 1319 በእኛ በቤንጋል አቆጣጠር