የኢሚ ሁለተኛ መልስ

ቤንዲጎ፣ እሑድ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2019

ይድረስ ለጃኒን፤

እንደምን ሰነበትሽ? የብሩም ከተማ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እዚህ ብርዱ ገና አለቀቀንም፤ ጠዋት ጠዋት ከመኪናው መስታወት ላይ በረዶ እየፋቅሁ ነው የምወጣው። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ጠገንኩ። ሳይበላሽ ነው የጠገንኩት፤ አሁን ያንጠባጥባል። ይህንንም የምጽፈው እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው፤ አንዴ ለሻይ፣ አንዴ በሩ መቆለፉን ለማየት፣ አንዴ ያለምንም ምክንያት።

ልጅሽ ኢሚ ደህና ናት። አድጋለች፤ የክረምቱ ጫማ ጠቧታል። የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ የእሷም ጆሮ የዋዛ አይደለም።

ባለፈው ወር ደውለሽ «መጥተሽ ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ?» ስትያት «አልፈልግም» ብላሽ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።  አሁን ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንተ ጠይቃት፣ እንቢ ካለች ሁለተኛ አላነሳባችሁም ብለሽ ጻፍሽልኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳነበው ደስ አለኝ። መልሷን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ትናንት ጠዋት ወንዙ ዳር ወዳለው ፓርክ ይዣት ወጣሁ፤ ሁለታችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዱበት ወደነበረው። እኔ ቅዳሜን በእንቅልፍ እንደማሳልፍ አንቺ ታውቂያለሽ።

ወቅቱ ማግፓይ የሚባለው ወፍ የሚያስቸግርበት ነው፤ ጫጩት ይዘዋልና የሰው አናት ካዩ ከኋላ እየተወረወሩ በመንቁራቸው ይወጋሉ። እኔም አባት ነኝ ብዬ ሁለት ባዶ የአይስክሬም ባልዲ ፈልጌ፣ ወፉ እንዲፈራ ከኋላ በኩል ትልልቅ ዓይን ሣልኩባቸው። የኔን ራሴ ላይ ደፋሁት፤ የሷን ስሰጣት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አባዬ፣ እኔ ይሄን አላደርግም። ሰው ያየኛል» አለች።

ዓይንሽ ከሚጠፋ ሰው ቢያይሽ ይሻላል ብላት፣ ባልዲውን በእጇ አንጠልጥላ ወጣች።

እንዴት ያለ ቀን ነበር መሰለሽ! የዋትል ዛፉ ሁሉ ቢጫ አበባውን ደፍቶ መንገዱን አልብሶታል። ወንዙ ሞልቷል። አንዲት ዳክዬ አሥራ አንድ ጫጩት አስከትላ ስትሻገር ቆመን ቆጠርን፤ ኢሚ ግን አሥራ ሁለት ናቸው ብላ ድርቅ ስላለች እንደገና ቆጠርን። የባሕር ዛፉን ልጥ እያነሳች ከሥሩ ያሉትን ነፍሳት አሳየችኝ። እማዬ ጫማዋን ያራሰችው እዚህ ጋ ነው፣ እማዬ እንቁራሪት የሰማችው እዚያ ጋ ነው እያለች ትመራኛለች፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ልጠይቃት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ነገር ታሳየኛለች። እጄን ኪሴ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። «አባዬ፣ ሽንትህ መጣ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከትልቁ ዛፍ ሥር ስንደርስ ወፉ መጣ። አራት ጊዜ ባልዲዬን ደበደበው። እኔ አጎንብሼ ስሮጥ እሷ ባዶ ራሷን መሃል መንገድ ላይ ቆማ ትስቃለች፤ ወፉ ዞር ብሎም አላያት። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኖሪን ውሻቸውን ይዘው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ወፍ እኮ መልክ አይረሳም» አሉኝ። «ልጅቷንና እናቷን ከስንት ዓመት ጀምሮ ያውቃቸዋል። አንተን ግን ዛሬ ገና ማየቱ ነው።»

ከፓርኩ ሁለት መንገድ ብቻ ርቄ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ፣ ጃኒን። ክው ነው ያልኩት።

ድልድዩ ላይ ተቀመጥን። እዚያ እንደምንም ብዬ ጠየቅኋት። ቀና ሳትል «አልፈልግም ብያታለሁ እኮ» አለች። በቃ፣ ሁለተኛውን እንቢታ አግኝቼ ነበር። ተነስቼ ወደ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ግን ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ለምን ብዬ ጠየቅኋት።

ባልዲው ላይ የሣልኩትን ዓይን በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር።

«እኔ ከሄድኩ ማን ይቀሰቅስሃል?»

«ሰዓት አለኝ።»

«ታጠፋውና ትተኛለህ። ደግሞ ብቻህን ስትሆን እራትህን ቆመህ ነው የምትበላው። አይቼሃለሁ።»

 ስለ እኔ ባታስቢ ኖሮስ ትሄጂ ነበር ወይ አልኳት። ዓይኑን መፋቋን ተወች። ከዚያ «እማዬ ትናፍቀኛለች። በጣም» አለችና፣ ፊቴን ስታይ ቶሎ ብላ «ግን ምንም አይደለም» ስትል ጨመረች።

ይህች «ምንም አይደለም» የማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። ለአንቺ ስንት ዓመት ሙሉ ስላት የኖርኩት የኔው ናት። አሁን ከዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ ሰማኋት።

እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ አንቺ ደግሞ የኔ ሞግዚት አይደለሽም አልኳት። ተቀምጬ እንደምበላ ማልኩላት። አላመነችኝም፤ ግን ከትከሻዋ ላይ የሆነ ነገር ሲወርድ አየሁ። ከዚያ ስለ ብሩም ትጠይቀኝ ጀመር፦ ባሕሩ ከቤትሽ ስንት እርምጃ ነው፣ እንሽላሊቱ እውነት መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ አልጋዋ በየት በኩል ይሆናል። እስከ ቤት ድረስ አላቋረጠችም። ይህን ሁሉ ጥያቄ ስንት ወር ሙሉ በሆዷ ይዛ እንደኖረች አስቢው።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ «እንቢ ብላለች» ብዬ ጀምሬው ነበር። ውሸትም አልነበረም፤ በአፏ ብላዋለች። አንቺም ታምኚኝ ነበር፤ ሁለተኛም አታነሺብንም ነበር። ሁለቱንም ቀደድኳቸው። የቀደድኳቸውም ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ ከሳሎን ሆና ስለ ባሕሩ ለራሷ ስትዘፍን ስለሰማኋት ነው።

ትምህርት ዓርብ ይዘጋል። ዕቃዋን እኔ አዘጋጃለሁ። አሁን ቲማቲም ትበላለች፤ አንቺ ስትሄጂ እንደነበረው እንዳይመስልሽ። መብራት ካልበራ አትተኛም፤ እንደፈራች ግን አትነግርሽም። ስትቆጣ አትከተያት፤ ራሷ ትመጣለች። ሌላም ብዙ አለ፤ በየቀኑ እየደወልኩ እነግርሻለሁ፤ አትሰልቺኝ።

ደግ ሰው አይለይሽ። የምታዋልጃቸው ሕፃናት ሁሉ በሰላም ይወለዱ። ቤትሽ በሷ ድምፅ ይሙላ።

መልሷ እሺ ነው፣ ጃኒን። ነይና ውሰጃት፤ ሐሳቤን ሳልለውጥ ቶሎ ነይ።

የኢሚ አባት
ብሬንዳን