የቆቦ ፕሮግራመሮች ማኅበር መሥራች መምህርት ሲቲ ውዱ አረፉ፤ ማኅበሩ ግን አይዘጋም

የቆቦ ፕሮግራመሮች ማኅበር መሥራችና ሰብሳቢ መምህርት ሲቲ ውዱ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በዚያው ዕለት በትውልድ ቦታቸው በዋጃ ተፈጽሟል። የማኅበሩ ሐዘን ከባድ ነው። የዚህ መግለጫ ዓላማ ግን ሐዘንን መግለጽ ብቻ አይደለም።

መምህርት ሲቲ በ1982 ዓ.ም. ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወለዱ። በኮምፒውተር ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ከተመረቁ በኋላ በቆቦ ከተማ የአይሲቲ መምህርት ሆነው አገልግለዋል። አብረዋቸው የተመረቁት አብዛኞቹ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ እሳቸው የቀሩት ሌላ ቦታ አጥተው አልነበረም። ይህን በግልጽ የምናሰፍረው፣ “ቆቦ ውስጥ ተቀብራ ቀረች” የሚለው ወሬ በሕይወት ሳሉ እጅግ ያናድዳቸው ስለነበር ነው።

ማኅበሩን ከሥራ ባልደረባቸው ከመምህር ዘካሪያስ ጋር የጀመሩት በ2010 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ኮድ መጻፍ የሚሞክር የአካባቢው ሰው ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ይገናኝ፣ አንዱ የሠራውን ለሌላው ያሳይ፣ የተቸገረበትንም ይጠይቅ። በደንባችን ውስጥ በእሳቸው ግፊት የገባ አንድ አንቀጽ አለ፤ አቅራቢ የሚሆን ሰው የተሳካለትን ብቻ ሳይሆን እንቢ ያለውንም ኮድ ያሳያል። መጀመሪያ ብዙ ሰው አፍሮበታል። በኋላ ግን ክፍሉ ጢም ብሎ የሚሞላው እንቢ ያለ ኮድ የሚቀርብ ዕለት ሆነ።

ስብሰባው ሲጀመር ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ሲመሻሽ ነበር የሚካሄደው። ያኔ ተማሪ የነበሩት ወ/ሪት ፈሪሀ በዚያ ሰዓት እናታቸው እንደማይፈቅዱላቸው ሲነግሯቸው መምህርት ሲቲ ስብሰባው ወደ ቅዳሜ፣ ከቀትሩ የዝሁር ሶላት በኋላ እንዲዛወር አደረጉ። ለአንዲት ልጅ ሲባል የሁሉም ሰዓት እንዴት ይቀየራል ያሉ ነበሩ። ሰዓቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። ወ/ሪት ፈሪሀም ዛሬ የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሴት አባላትም ጥቂት አይደሉም።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ማኅበሩ የነበሩትን ኮምፒውተሮች በሙሉ አጣ። አባላት ተበተኑ፤ መብራትና ኔትዎርክም ለወራት ጠፋ። መምህርት ሲቲ ከተፈናቀሉበት ሲመለሱ ክፍላችን በር እንኳ አልነበረውም። በሩን አስገጠሙና በቀረው ጥቁር ሰሌዳ ሥራ አስጀመሩ። አንዱ አባል ኮዱን በጠመኔ ይጽፋል፤ ሌላው የኮምፒውተሩን ቦታ ይዞ መስመር በመስመር እያነበበ ውጤቱን ይናገራል፤ የተሳሳተው መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል። መብራት ተመልሶ አሮጌ ላፕቶፖች ሲገኙ በሰሌዳ የተጻፉት ፕሮግራሞች ተሞከሩ። ብዙዎቹ ሠሩ።

በ2015 ዓ.ም. በአካባቢው አንድ የግል ክሊኒክ ለነፍሰ ጡር እናቶች ቀጠሮ የሚይዝበት ፕሮግራም ጳጉሜን አያውቅም ነበር። ዓመቱን በዐሥራ ሁለት ወር ስለሚዘጋው ጳጉሜ ላይ የዋለ ቀጠሮ ይጠፋል። ከአጎራባቿ ከሮቢት ከተማ የመጡ አንዲት እናት በቀጠሯቸው ቀን መጥተው ስምዎ የለም ተብለው መመለሳቸውን መምህርት ሲቲ ሰሙ። የፕሮግራሙ ሻጭ ሲጠየቅ ለአምስት ቀን ተብሎ ፕሮግራም አይቀየርም አለ። ማኅበራችን በእሳቸው መሪነት የዘመን አቆጣጠራችንን በትክክል የሚቆጥር ኮድ ጽፎ ለክሊኒኩ ሰጠ፤ ማንም ሰው በነጻ እንዲጠቀምበትም ክፍት አድርጎ ለቀቀው። በዚያ ክሊኒክ ጳጉሜ ዛሬ ወር ነው።

በ2016 ዓ.ም. አንድ ድርጅት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሊሰጠን ፈቀደ። በምላሹ ማኅበሩ ወደ ደሴ እንዲዛወርና ፈተና ያለፉ ብቻ አባል እንዲሆኑ ጠየቀ። መምህር ዘካሪያስ ስጦታውን እንቀበል አሉ። ሐሳባቸው መሠረት ነበረው፤ የነበሩን ላፕቶፖች ግማሾቹ ባትሪያቸው የሞተ ነበር። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ፣ “ያለ ኮምፒውተር ምን ልንሠራ ነው?” ብለው ጠየቁ።

“እስከ ዛሬ ስንሠራ የነበረውን” አሉ መምህርት ሲቲ። “ከዋጃና ከሮቢት በባጃጅ የሚመጣው ልጅ ደሴ አይደርስም። ፈተናውን የሚያልፈው ደግሞ እኛን አይፈልግም።”

ድምፅ ተሰጥቶ ስጦታውን ሳንቀበል ቀረን። መምህር ዘካሪያስና በሐሳብ የተባበሯቸው አባላት ማኅበሩን ለቀቁ። መምህርት ሲቲ የቆየ ባልደረባቸውን በማጣታቸው ማዘናቸውን አልደበቁም። ውሳኔያቸውን ግን አልለወጡም።

በ2017 ዓ.ም. ሕመሙ ጠናባቸው። ለኩላሊት እጥበት ከቆቦ ደሴ በአውቶቡስ መመላለስ ጀመሩ። የሚያውቋቸው ሁሉ አሁንስ ይረፉ ሲሏቸው እጥበቱ ቅዳሜን እንዳይነካ ቀጠሮ ያስለውጡ ነበር። አቅም ሲያንሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስተምራሉ፤ ቆመው መጻፍ ሲያቅታቸው ኮዱን በቃል ያስጽፋሉ። ሆስፒታል በተኙ ጊዜ መምህር ዘካሪያስ ሊጠይቋቸው ሄዱ። ስለተለያዩበት ጉዳይ አንሥተው ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ መምህርት ሲቲ አቋረጧቸው።

“እሱን ተወው” አሏቸው። “ቅዳሜ አልደርስም። አንተ ያዝልኝ።”

መምህር ዘካሪያስ በመጣው ቅዳሜ ከሁሉም ቀድመው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ አንድም ስብሰባ አልቀሩም፤ አብረዋቸው ከለቀቁት አባላትም የተመለሱ አሉ። ዛሬ የማኅበሩ ተጠባባቂ ሰብሳቢ ናቸው።

የመምህርት ሲቲ ኅልፈት ከተሰማ ጀምሮ ማኅበሩ የእሳቸው ነበር፣ ከእሳቸው ጋር አበቃ የሚል ወሬ በከተማው እየተናፈሰ ነው። ይህ ስሕተት ነው። ጦርነት ያላቆመውን፣ ጨለማ ያላቆመውን፣ ስጦታ ያልገዛውን ማኅበር ሞት ይዘጋዋል ብለን አንቀበልም። ይህን ማለታችን ሐዘናችንን ለማቃለል አይደለም። እሳቸው ያቋቋሙት ጠንካራ ነገር መሆኑን ለመመስከር ነው።

በመሆኑም የነገው ስብሰባ በተለመደው ሰዓት ይካሄዳል። ገና የተዕዚያው፣ ማለትም የሐዘን መቀመጫው፣ ቀናት ስላላለቁ አስቀድመን ባለቤታቸውን አቶ ሙህሲንን ፈቃድ ጠይቀናል። አቶ ሙህሲንም፣ “እሷ ብትኖር ለማን ብላ ታስቀረዋለች?” አሉን። አቅራቢዋ ወ/ሪት ፈሪሀ ናቸው። ስብሰባው እንዳበቃ አባላት በሙሉ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ዋጃ እንሄዳለን።

ለአቶ ሙህሲን፣ ለልጃቸው ለኢስራ፣ ለወላጆቻቸውና ለእኅት ወንድሞቻቸው፣ አብረዋቸው ላስተማሩ መምህራንና ለተማሪዎቻቸው ሁሉ አላህ ሶብሩን ይስጥልን። ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አባላችን ይህን ዱዓ በየራሱ ቋንቋ ያደርሳል።

በመጨረሻም፣ የስብሰባ ክፍላችን ባዶ የሚቀር መስሏቸው ከትናንት ጀምሮ ሊከራዩት የጠየቁ አሉ። አይለቀቅም። ሰው አለበት።

የቆቦ ፕሮግራመሮች ማኅበር
ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቆቦ