ከሠላሳ አርባ ስምንት ለሰጠኝ ኮሚቴ

ለጣና ዳር የምሽግ ሊግ ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለተከበሩ አቶ ገድሉ
ባሕር ዳር

የተከበሩ ሰብሳቢ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሰፊ ትዕግሥት፣ ከተቻለም በተቀመጡበት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ቤተሰብዎ ደኅና ነው? ሱቁስ? የእህትዎ ልጅ የወንድም ፍቅረ ማርያም የእጅ አንጓ በየምርጫው ዋዜማ ከሚነሣበት ሕመም ተሽሎት እንደሆነ ስጠይቅዎም ከልቤ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፔዳ በሚገኘው የጨዋታ ቤት፣ አለቆች ለአዲሱ ወቅት ተጫዋች ለመምረጥ በተሰበሰቡበት፣ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ጉሮሮዎን ጠርገው «ሰብለ ወንጌል ኃይለ ገብርኤል፣ አርባ ስምንት» ብለው ባነበቡበት ቅጽበት በመካከላችን የነበረው ነገር ተበላሸ። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ ችዬው ነበር።

ይህ ሁሉም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ነውና ጨዋታችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። ምሽግ በስልክ፣ በኢንተርኔት የምንጫወተው ጨዋታ ነው። አምስት ሰው ከአምስት ሰው ጋር ይገጥማል፤ የራሱን ምሽግ ጠብቆ የሌላውን የሰበረ ያሸንፋል። በሊጋችን ቡድን የሚመሠርቱት አለቆች ናቸው። ኮሚቴዎ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከአንድ እስከ ሠላሳ የሚደርስ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደረጃውም ዋጋው ነው። አንድ አለቃ የሚመርጣቸው የአምስት ተጫዋቾች ደረጃ ተደምሮ ከመቶ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ብርቱ ተጫዋች ውድ፣ ደካማው ርካሽ ይሆናል፤ አንድ አለቃም ብርቱዎቹን ሁሉ ጠቅልሎ መውሰድ አይችልም። ሐሳቡ ግሩም ነው። የጎደለው ደረጃው እውነት መሆኑ ብቻ ነው።

አሁን ኮሚቴዎ ለዋለልኝ ውለታ በየተራ ላመስግን።

አንደኛ፦ ስለ ትሕትና ላገኘሁት ትምህርት አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ስንመዘገብ ኮሚቴዎ «ራስህን ከሠላሳ ስንት ትሰጣለህ?» ብሎ እያንዳንዳችንን ጠየቀን። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን መልስ እንደሚያመጣ እርስዎ አያጡትም። በሥርዓት ያደገ ሰው እኮ እየራበው ገበታ ሲቀርብለት «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል ነው። ስለዚህ ሃያ አምስት የሚገባው ተጫዋች «ኧረ እኔ ምን ችዬ» ብሎ አምስት ጻፈ፤ አምስት የሚገባውም እንዲሁ አምስት ጻፈ። ኮሚቴዎ ደግሞ የሰዉን ጨዋነት ስለሚያውቅ፣ ዝቅ ብሎ ለጻፈው ሁሉ እንደ ጨዋነቱ መጠን ጨማመረለት። እኔ ግን ጥያቄው ጥያቄ መስሎኝ መለስሁ። የተማርሁት ስታቲስቲክስ ነውና ያሸነፍሁትንም የተሸነፍሁትንም፣ የገጠሙኝንም ሰዎች ብርታት አስልቼ ሃያ ሁለት ብዬ ጻፍሁ። ኮሚቴዎ «ራሱን ሃያ ሁለት የሚል ጉረኛ ነው፤ በሴት ደግሞ ይብሳል» ብሎ ስድስት ሰጠኝ። የጨዋታ ችሎታ የሚመዝን ኮሚቴ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የሚመዝነው አስተዳደግ ኖሯል።

ሁለተኛ፦ ስለ ወንድሜ አመሰግናለሁ። ግጥሚያ በግጥሚያ ላይ ስናሸንፍ፣ ከኮሚቴዎ አባላት አንዱ «እሷ አይደለችም፣ ወንድሟ ነው ከጓዳ ሆኖ የሚጫወትላት» ማለታቸውን ሰማሁ። እኔ ወንድም የለኝም፤ የእናቴ ልጆች አራት ሴቶች ነን። ዜናውን ለእናቴ ባደርስላት ትንሽ አሰብ አድርጋ «ለመሆኑ ሥራ ይዟል?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮሚቴዎ የልጁን አድራሻ የሚያውቅ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ቢልክልን ደስታችን ነው። ጣራችን ያፈሳል፤ እስካሁን እየወጣሁ የምጠግነው እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፦ ለአባታዊ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ወቅቱ ገና ሲጀምር፣ ደረጃዬ ከልክ በታች መሆኑን፣ አለቃዬ ሰላህ እኔን በስድስት ስላገኘኝ በተረፈው ነጥብ አራት ብርቱ ተጫዋቾች ማሰለፉን፣ ይህም ለሌሎቹ ቡድኖች በደል መሆኑን ገልጬ በቴሌግራም ጻፍሁልዎ። በራሷ ቡድን ላይ አቤቱታ ያቀረበች ተጫዋች በሊጉ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። መልስዎ አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ ትሕትና ልመጂ» የሚል። ልምምዱ ላይ እያለሁ ዋንጫውን በላን። ያን ጊዜ ኮሚቴዎ ተሰብስቦ ዋንጫውን ከእኛ ነጠቀና ሁለተኛ ለወጣው ለወንድም ፍቅረ ማርያም ቡድን ሰጠ፤ በስሜም ላይ «ደረጃ ደባቂ» ብሎ ለጠፈብኝ። ደረጃ ደባቂ ማለት በርካሽ ለመመረጥ ሲል ሆን ብሎ ራሱን ያሳነሰ አጭበርባሪ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ብዬ ስጽፍ ጉረኛ፣ እናንተ ስድስት ብላችሁ ስትጽፉብኝ አጭበርባሪ ሆንሁ። ሰላህ ነጋዴ ቤት ተወልዶ ያደገ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ከእኔም ይበልጥ ገርሞታል። «ዋጋውን የለጠፉ እነሱ፣ ረከሰ ብለው ዕቃውን የሚወርሱ እነሱ! እንዲህ ያለ ገበያ ወረታም አላየሁ» አለኝ። የወረታን ገበያ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቃሉ የሚናቅ አይደለም።

አራተኛ፦ ስለ አርባ ስምንቱ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ ብዙ ፈተና ወስጃለሁ፤ ከሠላሳ አርባ ስምንት ግን አምጥቼ አላውቅም። ቁጥሩን እንዳነበቡ የተባለውን ያስታውሳሉ። ከኋላ አንዱ «ከስንት ነው ጋሼ?» አለ። ጎኑ የተቀመጠው «ዝም በል፣ ቀረጥ ተጨምሮባት ነው» አለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ እርስዎ የደስታ መስሎዎት ፈገግ ብለዋል። ይህንም ቅጣት ሳይሆን «ማስተካከያ» ብለውታል። ቤት ገብቼ ሒሳቡን ብሠራው፣ በዚህ ወቅት ከፍቅረ ማርያም በቀር ከአሥራ አራት በታች የተሰጠው ሰው የለም። እኔን የመረጠ አለቃ የቀሩትን አራቱን በጣም ርካሾቹን ቢሰበስብ እንኳ ከመቶ ያልፋል። መቶ የማይሞላበት አንድ መንገድ ብቻ አገኘሁ፤ እሱም እኔንና ዘጠኝ የተሰጠውን ወንድም ፍቅረ ማርያምን አንድ ላይ መምረጥ ነው። ኮሚቴዎ ያሰበው ጋብቻ ከሆነ፣ ወጉ ሽማግሌ ወደ አባቴ መላክ ነው እንጂ በድምር አይደለም። ደግሞም ልጁን የመጀመሪያው አለቃ ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ ወስዶታል።

አምስተኛ፦ ስለዚሁ ዘጠኝ። ወንድም ፍቅረ ማርያም የእጅ አንጓውን ስለሚያመው በየወቅቱ ዘጠኝ እየተሰጠው፣ በየወቅቱም ከሊጉ ሦስት ብርቱዎች አንዱ እየሆነ ቆይቷል። ሕመሙን አልጠራጠርም። በምርጫው ዕለት አንጓው በፋሻ ታስሮ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ ፋሻው ይፈታል። በጣና ዙሪያ ብዙ የታወቀ ጸበል አለ፤ እንዲህ ቶሎ የሚፈውስ ግን የእርስዎ ሊግ ብቻ ነው። ለልጁ ቂም የለኝም፤ ደኅና ተጫዋች ነው። ዘጠኝ መባሉ እሱንም ይሰድበዋል፤ ብቻ ስድቡ ስለሚጠቅመው ዝም ብሏል።

ስድስተኛ፦ መብራት ሲጠፋ ከጨዋታ የወጣ ሰው በሊጋችን «ሜዳ ጥሎ ሸሸ» ይባላል። የሰፈራችን ትራንስፎርመር የፈነዳ ለት እኔም ሸሽቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ብዙ አልልም፤ ትራንስፎርመሩ ስለ ራሱ ይጻፍ።

ሰብሳቢ ሆይ፣ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በታች ያለውን ሳልቀልድ ነው የምጽፈው።

አባቴ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ከጣና ደሴቶች በአንዱ እንደሚያገለግሉ ያውቃሉ። እሑድ በጀልባ ተሻግረው ቤት ሲመጡ አኩርፌ አገኙኝና ምክንያቱን ጠየቁኝ። ስለ ስልክ ጨዋታ የሚያውቁት ዓይን እንደሚያደክም ብቻ ነው፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ «ታዲያ መምህሩ ዜማውን ሳይሰማ ነው የሚመሰክረው?» አሉኝ። እሳቸው ባደጉበት ጉባኤ ቤት ተማሪን «ራስህን ስንት ትሰጣለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተማሪው መምህሩ ፊት ይቆምና ያዜማል። ከሳተ እዚያው ይታረማል፤ ካቀና ይመሰከርለታል። የሊቅ ልጅ ነው ተብሎ አይታለፍለትም፤ ከሩቅ አገር የመጣ ነው ተብሎም አይቀነስበትም። «የእናንተ ሰዎች ግን በወሬ ይመሰክራሉ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለውም «ለመሆኑ አንቺ ትችዪዋለሽ?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። «ታዲያ ምን ያስኮርፍሻል? ቁመሽ አዚሚላቸው» አሉኝ።

ቆሜ ማዜም የምችልበት ሥርዓት ግን የለም፤ ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ሁላችንም፣ የእህት ልጅም የሰው ልጅም፣ እኩል ቁጥር ይሰጠን። ከዚያ ቡድኑ በየጊዜው እየተበወዘ ጥቂት ግጥሚያዎች እናድርግ። ያሸነፈ ከተሸነፈው ላይ ነጥብ ይውሰድ፤ ዝቅ ያለው ከፍ ያለውን ካሸነፈ ብዙ ይውሰድ፣ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ካሸነፈ ጥቂት ብቻ። መብራት የጠፋበት ግጥሚያ ይደገም። ይህ ሲደጋገም እያንዳንዱ ቁጥር ራሱ ወደ እውነቱ ይጠጋል፤ በወቅቱም መካከል የበረታ ይወጣል፣ የደከመ ይወርዳል። ማንንም መገመት፣ ማንንም ማስታመም፣ ማንንም ትሕትና ማስተማር አያስፈልግም። ምናልባት ኮሚቴም አያስፈልግም ይሆናል፤ የሐሳቤ ጉድለት ይህ ከሆነ በሐቅ ይንገሩኝ።

የተጫዋቾች ምርጫ የሚዘጋው የፊታችን ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ቀን ያልተመረጠ ዓመቱን ሙሉ አይጫወትም። የዘንድሮው አሸናፊ ቡድን ደግሞ እኛን ወክሎ ሐዋሳ ላይ ከሌሎች ከተሞች ጋር ይገጥማል። እኔ ሐዋሳ መሄድ እፈልጋለሁ። ይህን ነገር በትሕትና የምልበት መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም። ሰላህ ዛሬም ሊመርጠኝ ይፈልጋል፤ ሌሎች ሁለት አለቆችም ጠይቀውኛል፤ ሦስቱም ቁጥሬን አይተው ተመልሰዋል። ሰው አላጣሁም፤ በር ነው የተዘጋብኝ፤ ቁልፉም በእርስዎ ኪስ ነው።

ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና አዳማጭ ጆሮ እንዲሰጥዎ እየለመንሁ፣ በሰፈር ጋሼ ብዬዎ ያደግሁ፣ ነገም መንገድ ላይ ባገኝዎ ጎንበስ ብዬ ሰላም የምልዎ፣ ከዚያም ቀና ብዬ ክርክሬን የምቀጥል፣

አክባሪዎ
ሰብለ ወንጌል ኃይለ ገብርኤል
ባሕር ዳር

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ከኮሚቴዎ አንዱ «ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈላት?» ማለታቸው አይቀርም። እኔው ጻፍሁት፤ ከተጠራጠሩ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ሌላ እጽፍላቸዋለሁ፣ የሚጻፍ አላጣም። ቅዳሜ ቀድሜ መጥቼ እቀመጣለሁ። ማንም ይግጠመኝ፣ ከማንም ጋር አሰልፉኝ። ተጫውቼ ያገኘሁትን ቁጥር፣ ሦስትም ቢሆን፣ እጅ ነሥቼ እቀበላለሁ። ሳትመለከቱኝ የምትሰጡኝን ቁጥር ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። ስድስትን አልቀበልም፤ አርባ ስምንትን አልቀበልም፤ ነገሩን ለማብረድ ብላችሁ ሃያ ሁለት ብትሰጡኝም አልቀበልም።