የሐይቁ ዳር መደቦች ዋጋ

ኮብስ ሚል፣ ጆርጂያ
እሑድ፣ ሜይ 11፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ለምወድህ ልጄ ለቴሬል፣

እንዴት ነህ? ኮሪያ ሙቀቱ ገባ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይበርዳል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። አባትህም ትናንት እህል ቀመሰ። ሾርባውን ጨው አነሰው ብሎ ገፋው፣ ስለዚህ ወደ ራሱ እየተመለሰ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ካንተ ጋር ወሬ መጨረስ ስለማይቻል ነው። ገና አፌን ስከፍት «ቆይ እማዬ» ትለኛለህ፣ ከዚያ ተናጋሪው አንተ፣ ሰሚዋ እኔ። ወረቀት ደግ ነው፣ አያቋርጥም። እስከ መጨረሻው ሳታነብ ከተቀመጥክበት እንዳትነሳ። ከሠራዊቱ የጠየቅከው የዕረፍት ፈቃድ ቢመጣልህም እስከዚያ እንዳትፈርም።

የአጎትህን የሩፈስን ነገር ከዴኒዝ የሰማኸው በቁራጩ ነው። የአክስትህ ልጅ ናትና አልሰድባትም፤ ግን አንድ ሰው ምላሷን ለወር ያህል ቢቆልፍባት ኮብስ ሚል ሰላም ያገኝ ነበር። አሁን ደግሞ ስልኳን እንዳትነካ በእግዜር ስም አስምያታለሁ። እኔ ከሥሩ ልንገርህ።

ሩፈስና አባትህ የተጣሉት በዋጋ ነው። ስምንት ዓመት አብረው የደረቀ የጥድ ቅጠል ከጫካ ቧጥጠዋል፣ አስረዋል፣ አፈሩ እንዳይደርቅ የሰው ግቢ የአበባ መደብ አልብሰውበታል። አባትህ በእንጨት ሳጥኑ ውስጥ በእግሩ ረግጦ ለሚያስረው ለአንድ ጥቅል፣ ከነማልበሱ፣ ዘጠኝ ዶላር ነው የሚጠይቀው። አሠራሩን ታውቀዋለህ። መደቡን በእግሩ ይዞራል፣ የዛፉን ሥርና ጠርዙን ያያል፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ቁጥሩን አንዴ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ቢከስርም ተመልሶ አይሄድም። ሩፈስንም ሥራውን ያስተማረው እንዲህ አድርጎ ነው። ሩፈስ ደግሞ ዘጠኝ ዶላር ስግብግብነት ነው፣ በማሽን የሚያስሩት ጥቅሉን በስድስት እያለበሱ ደንበኛ ጨረሱብን ይል ነበር። ከገና በኋላ እኛው ግቢ ውስጥ ተሰዳደቡና ሩፈስ ጥሎ ሄደ። እኔ ከባሌና ከወንድሜ መሃል ቆሜ የማንን እጅ እንደምይዝ ጠፋኝ።

በፀደይ መግቢያ ላይ ሐይቁ ዳር ላለው የጡረተኞች መንደር ሩፈስ ዋጋ ሰጠ ተባለ። እነዚያ መደቦች የአባትህ ናቸው። በዚህ አካባቢ ሌላው ሰው በየዓመቱ የሚያለብሰው መደብ ላይ ገብቶ ዋጋ መናገር ነውር እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ያም ሆኖ አባትህ ዋጋውን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። እሱ ስድስት ሺ ሦስት መቶ ያለውን ሩፈስ ለመንደሩ በሙሉ አራት ሺ ሁለት መቶ ብሏል። በዚያ ገንዘብ ርካሹን የማሽን ጥቅል እንኳ ገዝቶ መጨረስ አይቻልም፣ ቅጠሉ በነፃ ካልመጣ በቀር። ይህን ሲናገር ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ቁርሱን ትቶ መኪናውን አስነሳና በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ቲለሪ ጫካ ነዳ፤ የዚያን ጫካ ቅጠል ዘንድሮም የተኮናተርነው እኛ ነን።

እንደፈራው ነበር። የጫካው ወለል አፈሩ እስኪታይ ተልጧል። ሩፈስ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሆኖ ቅጠላችንን በማሽን ያስራል። አባትህ ከመኪናው ወረደ። መጥረቢያውን አውጥቶ ማሽኑን መከትከት ጀመረ። ሩፈስ «አልተን ተው፣ ላስረዳህ» እያለ ከኋላ ኮሌታውን ቢይዘው፣ አባትህ ዞሮ በመጥረቢያው እጀታ አፉን አለው። ሁለት ጥርሱ ረገፈ። ሩፈስ እጁ ላይ መንሽ ነበር፣ ሰነዘረው። አንዱ የመንሹ ጥርስ የአባትህ ግራ ዓይን ውስጥ ገባ።

እስከዚህ ዴኒዝ ነግራሃለች። ያልነገረችህን እኔ ልንገርህ። ሩፈስ መንሹን ሲነቅለው ከአባትህ በላይ ጮኸ። ሸሚዙን አውልቆ ዓይኑን አሰረለት፣ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባው፣ ከራሱ አፍ ደም እየፈሰሰ ሆስፒታል ድረስ ነድቶ አደረሰው። አባትህም ለሐኪሙ «ከመኪና ስወርድ መንሽ ላይ ወደቅሁ» አለ። ዓይኑ ግን አልተረፈም።

እሱ ዝም ቢል ሌላው ዝም አላለም። ያባትህ ወንድሞች በጠራራ ፀሐይ ሩፈስ ግቢ ገብተው፣ ቅጠል የጫነ ተጎታቹ ላይ ቤንዚን አርከፍክፈው ለኮሱት። የጥድ ቅጠል እንዴት እንደሚነድ ታውቃለህ፤ በረንዳውንም ይዞት ሄደ። የሩፈስ ሚስት ሻርሊን ሕፃኑን በመስኮት ነው ያወጣችው። በማግስቱ የሷ ወንድሞች መጥተው መስኮቶቻችንን አረገፉ። ውሻችን ቢስኬት ሊነክሳቸው ቢዘል በሩ ላይ ተኩሰው ገደሉት። የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ አባትህ ገና ጎንበስ ማለት አይችልም ነበር።

ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ አንተ ደወልክ። ጮኸህ ብትሳደብ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስትጮህ አውቅሃለሁ፣ ይወጣልሃል። አንተ ግን ቀስ ብለህ ነው ያወራኸው። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ጁን መጀመሪያ ላይ እደርሳለሁ አልክ። ከዚያ የጠየቅከኝን ጥያቄ እዚህ አልጽፈውም። ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጎመኑ አረረ፣ ሽታው ሳይቀር አልሰማኝም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ሩፈስ ብቻውን ነበር። ተንበርክኮ የቅጠሉን ጠርዝ በእጁ እያጠፈ ወደ ውስጥ ይሸጉጣል፣ አባትህ እንዳስተማረው፣ ንጹህ አድርጎ። ሲያየኝ ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ።

«እታለም፣ መጣሽ?»

«ቴሬል ሊመጣ ነው» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«ዛሬውኑ ውጣ። ፍሎሪዳ የሻርሊን ዘመዶች ጋ ሂድና ዓመት ተቀመጥ። ልጄን እኔ አበርደዋለሁ።»

መደቦቹን አያቸው። ግማሹ እንኳ አልለበሰም።

«ዋጋ ተናግሬያለሁ እኮ፣ እታለም። ሳልጨርስ የት እሄዳለሁ?»

«ልጄ ይገድልሃል።»

«ይምጣ። እሱንም ሆነ አባቱን አልሸሽም። ግን እንደ በግ አንገቴን አልሰጠውም፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለና በአገጩ ወደ መኪናው ወንበር ሥር አሳየኝ። ምን እንዳስቀመጠ አልጠየቅሁትም።

ለመንኩት፣ ቴሬል። እናታችንን እየጠራሁ ለመንኩት። እግሩ ሥር፣ ያለበሰው ቅጠል ላይ ወድቄ ለመንኩት። ከወደቅሁበት አንሥቶ ቀሚሴን አራገፈልኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ያን ጊዜ ተበድሮ ያመጣው ተጎታች ላይ ተደግፎ የቆመውን የብረት መቧጠጫ አነሣሁ። እጁ ከተሰበረ መደቡንም ትቶ ይሄዳል፣ ከወንበሩ ሥር ያለውንም አያነሣብህም ብዬ መጀመሪያ ቀኝ ክንዱን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። «እታለም! እታለም!» ይላል እንጂ እጁን አላነሣብኝም። ትንሽ ልጅ ሆኖ ስገርፈውም እንዲሁ ነበር። ያ ይበቃ ነበር፤ የሚያየኝ ሰው ቢኖር ይበቃል ይለኝ ነበር። ግራውን ደገምኩት። ሦስተኛው ራሱ ላይ አረፈ። ሲወድቅ ግንባሩ የተጎታቹን ብረት መታው፣ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም።

የመንደሩ ኃላፊ ወይዘሮ ሃስኪንስ እየሮጠች ወጣች። አምቡላንሱን ስንጠብቅ እኔ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ፣ እሷ ስትደነግጥ አፏ የማይዘጋ ሴት ናትና ትለፈልፋለች። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነበር፣ ዋጋውን ያኔ ቆሞ ነው የነገረኝ። ባለፈው ዓመት አልተን ስንት ጥቅል አለበሰ አለኝ፣ ሰባት መቶ አልኩት፣ በስድስት አባዝቶ ጨበጠኝ» አለችኝ። ያኔ ትርጉሙ አልገባኝም።

ቤት ሄጄ ለአባትህ ስነግረው ነው የገባኝ። ከወንበሩ ተነሣና ደግሞ ተቀመጠ።

«በኔ ሳጥን ቆጠረው?» አለ። «የኔ ጥቅል እኮ የማሽኑን ሁለት ያህላል። ያንን ሳጥን ስምንት ዓመት ሙሉ በእግሩ እየረገጠ የሞላው እሱ አይደል እንዴ?»

ያ ነው ነገሩ። ጥቅል ሲባል ሩፈስ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ያባትህ ሳጥን ነው። ቁጥሩን ከዚያ ወሰደ፣ ዋጋውን ከማሽኖቹ። የማሽኑን ትንንሽ ጥቅል ገዝቶ ማልበስ ሲጀምር ሁለት እጥፍ እንደሚያስፈልገው አየ። የተናገረው ዋጋ ደግሞ ተነግሯል። እንግዲህ ቅጠል ከየት ያምጣ? ስግብግብ ያለው የአባትህ ዘጠኝ ዶላር ከሁሉም ርካሽ እንደነበረ ያወቀው ያን ቀን ይመስለኛል።

«ለምን አልመጣም?» አለ አባትህ። «አልተን ተሳሳትኩ ቢለኝ ምን ነበረበት?»

«መጥቶ ቢሆን ምን ትለው ነበር?» አልኩት። በቀረችው ዓይኑ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሳየው፣ እናቱ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ሩፈስ ሳይነቃ ሐሙስ ዕለት አረፈ። ትናንት ቀበርነው። ሻርሊን መቃብሩ ላይ ሁሉ ሰው እያየ ፊቴ ላይ ተፋችብኝ፤ እሷን ምንም ልላት አልችልም። ወንድሜን አጥቤ፣ መግቤ፣ ትምህርት ቤት አድርሼ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን ስጽፍልህም እጄ ላይ ያ የመጀመሪያው ምት አለ፣ አልለቀቀኝም።

አባትህ ከነገ ጀምሮ የሐይቁን ሥራ ሊጨርስ ነው። በራሱ ትልቅ ሳጥን፣ በሩፈስ ዋጋ። ወይዘሮ ሃስኪንስ አዲስ ዋጋ ንገረኝ ብትለው «ዋጋው ተነግሯል» አላት። ገንዘቡ የሻርሊን ነው። ሻርሊን አልቀበልም ብላለች፣ እሱም ደጃፏ ላይ አስቀምጬው እመጣለሁ ብሏል። ወንድሞቹንም ጠርቶ ከእንግዲህ አንድ ሰው ክብሪት ቢያነሣ መጀመሪያ እኔን ያቃጥል አላቸው። አንድ ቀን ስትመጣ፣ ግራ ጎኑ ስለማይታየው በዚያ በኩል በዝምታ እንዳትቀርበው፣ ይደነግጣል።

ሸሪፉ ወንድሜን እስክቀብር ቤቴ እንድቆይ ፈቀደልኝ። ምክትሉ በር ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። የበቆሎ ዳቦ ብወስድለት ልብላ አልብላ ብሎ ብዙ አሰበ፣ ከዚያ ሦስት በላ። ነገ ጠዋት ይወስዱኛል። ጠበቃው ረጅም ዓመት ነው የሚሆነው ብሎኛል፤ እውነቱን ስለነገረኝ አመሰገንኩት።

ለምን መታሽው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ለባሌ ዓይን ነው አልኳቸው። አባትህም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። አንተንም አንድ ቀን ቢጠይቁህ እንደዚያው በል፦ ለአባቴ ዓይን ነው። ማክሰኞ ደውለህ ያልከኝን ለማንም አትንገር፣ ለምታገባትም ቢሆን። ንዴት የያዛት ሴት ናት ይበሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሉኝ ኖረዋል፣ አዲስ አይሆንብኝም።

ፈቃድህን ሰርዝ፣ ልጄ። እዚህ የምትሠራው ነገር አልቀረም።

እግዚአብሔር መውጣትህን መግባትህን ይጠብቅልኝ። ልጆች ይስጥህ፣ ሲጠሩህም በደስታ አቤት የምትል አባት ያድርግህ። የእስር ቤቱ በር የሚከፈትልኝ ቀን ሲመጣ ቆሜ የምስመው ያንተን እጅ ነው። ንጹህ ነው፤ እንደዚያው አቆይልኝ።

እናትህ
ኦዜላ