የመታጠቢያ ቤቱ መደገፊያ

ጂዳ ላለሽው ልጄ ለሀፊዛ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እናትሽም እኔም አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። አገራችን ሐይቅ ዘንድሮ ዝናቡን ጠግቧል።

በቪዲዮ መደወሉን ስለተውሽው የመታጠቢያ ቤቱን ነገር ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ነው። የላክሽው ብር ለሁሉም አልበቃም። ሴራሚኩን እስከ ወገብ ብቻ አደረግነው፤ የውኃ ማሞቂያውንም ተውነው። ቁጭ የሚባልበትን የሽንት ቤት መቀመጫና የግድግዳውን የብረት መደገፊያ ግን ከምንም በላይ እንዳትቀንሱ ስላልሽ አልነካናቸውም። እናትሽ «እኛ እንደሁ ገና ቁጢጥ ብለን እንነሳለን፤ ይሄ ለማን ነው?» አለች። ለእንግዳ ይሆናል አልኋት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ትናንት ግንበኛው ኑርዬ መደገፊያውን ሊተክል መጣ። «ሰው ተጸዳድቶ የሚታጠበው በግራ እጁ ነው፤ ስለዚህ ብረቱን የሚይዘው በቀኙ ነው። ሁሉም ቤት በቀኝ በኩል ነው የተከልሁት» አለኝ። መሰርሰሪያውን ሲያነሳ፣ ቆይ፣ ልጄን ልጠይቃት አልሁት። ግራ ገብቶት ሄደ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ በዓይናችን ያሳየን።

ግድግዳው አልተበሳም። ብረቱ በየትኛው እጅሽ በኩል ቢሆን እንደሚሻልሽ ላኪብኝ።

አባትሽ ሀሚድ